ከቆጥ የወረደው ጥጥ

ጥጥ ንጹህ ነው ብዬ ሃምሳ ስምንት ዓመት ኖሬአለሁ። ማን ይቃወመኛል? ቁስል የሚጠረገው በጥጥ ነው፣ መርፌ የተወጋ ቦታ የሚታሸው በጥጥ ነው፣ ሆስፒታሉ ራሱ ያለ ጥጥ አንድ ቀን አይውልም። እኔ ደግሞ ፍራሽ ሠሪ ነኝ፤ አባቴም ፍራሽ ሠሪ ነበር። የሰፈሩን ሰው ወገብ ከሐኪም በላይ አውቀዋለሁ። ማን ከሚስቱ ጋር ጀርባ ለጀርባ እንደሚተኛ፣ ማን ሌሊቱን ሲገላበጥ እንደሚያድር፣ ያረጀ ፍራሹን ለእድሳት ሲያመጣልኝ ከጉድጓዱ አነበዋለሁ። እንግዲህ ይህን ሁሉ የማውቅ ሴት ነኝ ወንድሜን ልገድለው የደረስኩት።

ወንድሜን በአሥራ ሦስት ዓመት እበልጠዋለሁ። እናታችን እሱ ዳዴ ሲል ስለሞተች ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ አንድ ጊዜ እንደ እህት፣ አንድ ጊዜ እንደ እናት፣ ሲያጠፋ ደግሞ እንደ ፖሊስ። አድጎ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ሆነ። ሲበዛ ቀልደኛ ስለሆነ ባልደረቦቹ ቧልቴ ይሉታል። አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ሰው በሩ ላይ ሲንጠለጠል፣ በመስታወቱ እያየ "ግድ የለም፣ እኔ ጉልበት ላይም ቦታ አለ" የሚል ሰው ነው። አርባ ሁለት ዓመት ሲሞላው ሁለቱም ኩላሊቶቹ ደከሙ። ሁለት ዓመት ተኩል በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ማሽን ላይ ተኛ። ቀልዱ ግን አልቀነሰም፤ ደሜን እንደ ሸሚዝ አሳጥቤ መጣሁ ይለኛል፣ እኔም እስቅለትና ጓዳ ገብቼ አለቅሳለሁ።

ሚስቱ አንድ ኩላሊቷን ልትሰጠው ተመረመረች፤ አልገጠመም። የእኔ ገጠመ። እሱ ግን አልቀበልም ብሎ አራት ወር አስለመነኝ። ለእኔ ስትይ ገበታ ላይ እንደ በግ አትታረጅም አለ። አንተን ያዘልኩበት ጀርባ ነው፣ ከውስጡ አንዷ ብትወጣ ምን ይጎድልብኛል አልኩት። አልሰማኝም። በመጨረሻ ተናድጄ፣ አንተ ካልወሰድካት ሆስፒታሉ በር ላይ ላገኘሁት መንገደኛ እሰጣታለሁ አልኩት። እንደማደርገው ስለሚያውቅ ተስማማ።

ቀዶ ጥገናው ተሳካ። ኩላሊቷ ገና ከመግጠማቸው ሥራ ጀመረች አሉኝ፤ እንደ እኔው ናት፣ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አታውቅም። ነርሶቹ ሽንቱን በመስፈሪያ እየለኩ ይጽፋሉ፣ ሚስቱ ልኩን ሰምታ እየመጣች በሌላ ክፍል ለተኛሁት ለእኔ ትነግረኛለች። የወንድሟን የሽንት ልክ ሰምታ እልል ያለች ሴት በዓለም ላይ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ስፌቴ እያመመኝ እልል አልኩ።

ሚስቱ መምህርት ናት፤ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች። ባሏ ከሆስፒታል ሲወጣ የቤቱን ግድግዳ በሕግ ሞላችው። ጫማ በር ላይ ይወለቅ። እጅ ይታጠብ። ማስክ ይደረግ። ጉንፋን ያለበት አይግባ። አበባ፣ ወፍ፣ ድመት፣ አቧራ ክልክል። እኔ ርዕሰ መምህሯ እያልኩ አሾፍባታለሁ እንጂ አንዱንም ሕግ ጥሼ አላውቅም፤ እጄ በሳሙና ብዛት ተሰነጣጥቆ ነበር። የኩላሊት ሐኪሟ እኔንም እሷንም አንድ ላይ አስቀምጣ ነው ያስረዳችን። ሰውነቱ የእርስዎን ኩላሊት ባዳ ናት ብሎ እንዳያባርራት ዘበኛውን በመድኃኒት አስተኝተነዋል፤ ዘበኛ ሲተኛ ደግሞ ሌባም ይገባል አለችን። ገብቶኛል አልኳት። ገብቶኝም ነበር፤ የሌባውን መልክ ብቻ አላወቅሁትም።

በሦስተኛው ወር ወንድሜ እንቅልፍ አጣ። የሚውጠው መድኃኒት ያልበዋል፣ የስፖንጁ ፍራሽ ደግሞ ሙቀቱን ይዞ ያቃጥለዋል፤ ጎኑን አሞት ሲገላበጥ ያድራል። የፍራሽ ሠሪ ወንድም ስፖንጅ ላይ ተኝቶ ሲሰቃይ ማየት ለእኔ ውርደት ነው። ያን ጊዜ የእናቴ ጥጥ ትዝ አለኝ። አባቴ ሲጋቡ የሠራላት ፍራሽ ነበራት፤ ጥጡ ክሩ ረጅም፣ ዛሬ በገንዘብ የማይገኝ ዓይነት ነው። እሷ ከሞተች በኋላ አባቴ ሊተኛበት አንጀቱ አልችል ስላለው ፈታውና በጆንያ አድርጎ የሱቃችን ቆጥ ላይ ሰቀለው። እዚያ ከአርባ ዓመት በላይ ተቀመጠ። ጣሪያው በዝናብ ጊዜ ያፈስ ነበር፤ ይህንንም አውቃለሁ።

ከባድ ነገር አታንሺ ስለተባልኩ ጆንያውን ጎረቤቴ አናጢው አወረደልኝ። ከታች በኩል አንድ ጥጉ ጠቁሮ ነበር፤ መዳፍ ቢያህል ነው። በጣቴ ለቅሜ ጣልኩት። የቀረውን ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ዘረጋሁት፤ ፀሐይ የመታው ጥጥ ምንም አይቀርበትም ይል ነበር አባቴ፣ እኔም ይህንኑ አምኜ ሠላሳ ዓመት ሠርቼበታለሁ። ከዚያ በደጋን ነደፍኩት። ያረጀ ጥጥ በደጋኑ ጅማት እየተመታ ሲነሣ ያላየ ሰው አያውቀውም፤ ድንጋይ ሆኖ የገባው አረፋ ሆኖ ይወጣል። እናቴ የተኛችበት ላይ ልጇ ሊተኛ ነው ብዬ እያንጎራጎርኩ ነደፍኩ።

በእኛ ሙያ አንድ ወግ አለ። የጤነኛ ሰው ፍራሽ ሱቅ ውስጥ ይሞላል፤ የበሽተኛ ፍራሽ ግን በሽተኛው ባለበት፣ በሰውነቱ ልክ ነው የሚሞላው። ይጋደምበታል፣ እዚህ ጋ ይቆረቁረኛል ይላል፣ ይነሣል፣ ትጨምሪለታለሽ ወይ ትቀንሽለታለሽ። አባቴ ስንቱን የአልጋ ቁራኛ እንደዚያ አሳርፏል። እኔም ጥጡን በታጠበ አንሶላ ጠቅልዬ ወንድሜ ቤት ወሰድኩ፤ ሚስቱ ትምህርት ቤት ነበረች። ጫማዬን አወለቅሁ፣ እጄን ታጠብኩ፣ ማስክ አደረግሁ። ከዚያ ነፋስ እንዳይመታው ብዬ መኝታ ቤቱን ዘጋግቼ፣ እዚያው እፊቱ ጥጥ ስሞላ ዋልኩ። በመስኮቱ በሚገባው ብርሃን ውስጥ ብናኙ ሲንሳፈፍ ይታይ ነበር፤ ለእኔ ግን ያ አቧራ አይደለም፣ ጥጥ ነው። እሱ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ፣ እየተጋደመ እየተነሣ፣ በዚህ በኩል ጨመር አድርጊበት ሚስቴ ስትገፋኝ የምወድቀው በዚህ ነው እያለ ሲያስቀኝ ዋለ።

ማታ ሚስቱ መጥታ ፍራሹን በእጇ ጫን ጫን አደረገችውና ጥጡ ንጹህ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ደሜ ፈላ። ሠላሳ ዓመት በሙያው የኖረ ሰው እንደዚህ አይጠየቅም፣ አንቺ ሁለት ሲደመር ሁለት ስንት ነው ተብለሽ ትጠየቂያለሽ ወይ አልኳት። አፈረችና ይቅርታ ጠየቀችኝ። ይቅርታዋንም ተቀበልኩ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ትኩሳት ያዘው። ደረቅ ሳል ነበረው፣ ሲተነፍስ ደረቱን ይወጋዋል። ሚስቱ ሙቀቱን በደብተር ስትጽፍ ቆይታ ሠላሳ ስምንት ተኩል ሲደርስ ታክሲ ጠራች። በዚያው ቀን አስተኙት። ደሙን ወሰዱ፣ አክታውን ወሰዱ፣ ደረቱን ራጅ አነሡት። የሳንባ ምች ሳይሆን አይቀርም ብለው ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክ በደም ሥሩ ጀመሩለት። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አራት ቀን፤ ትኩሳቱ ወይ ፍንክች። በአምስተኛው ቀን ሲያስል መሐረቡ ላይ ደም ታየ።

በዚያ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሐኪሟ እኔንና ሚስቱን ኮሪደር ላይ አቆመችን። ትንሽዬ ሴት ናት፣ ድምፅዋም ትንሽ ነው፤ ለመስማት ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። ሲቲ ስካኑ ላይ ሳንባው ውስጥ ክብ ክብ ነገሮች አይተናል አለች፤ አንቲባዮቲኩ አልነካቸውም፣ ናሙና ልከናል፣ መልሱ ግን ቀናት ይወስዳል። ዝም ብሎ በግምት መድኃኒት መደራረብ ኩላሊቷን ይጎዳል፤ ስለዚህ አስታውሱኝ፣ ምን አጋጥሞታል? የሚፈርስ ቤት አጠገብ አልፏል? የአበባ አፈር ነክቷል? የወፍ ቤት? ድርቆሽ፣ የቆየ እህል፣ የሻገተ ነገር? ሚስቱ ለእያንዳንዱ አይ፣ አይ፣ አይ ትላለች። ቤታችን ከዚህ ሆስፒታል ይነጻል አለች፣ እውነቷንም ነበር።

የሻገተ የሚለውን ስሰማ ያ መዳፍ የሚያህል ጥቁር ነገር ዓይኔ ላይ ድቅን አለ። ግድግዳውን ያዝኩ። ሐኪሟ ወደ እኔ ዞራ እርስዎስ እናቴ፣ የሚያስታውሱት ነገር የለም ወይ አለችኝ።

"የለም" አልኳት።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ራሴን ብዙ ጠይቄአለሁ፣ መልሱ አያኮራም። በዚያች ደቂቃ የፈራሁት የእሱን መሞት አልነበረም፤ የገደለችው እሷ ናት መባልን ነው። ኩላሊቷን የሰጠች እህት ተብዬ ሦስት ወር ሙሉ በሰው ፊት ቀና ብዬ ሄጃለሁ። ነርሶቹ ሳይቀሩ ወንበር ይለቁልኛል። ከዚያ ከፍታ በአንድ ቃል መውረድ ሞት ሞት ሸተተኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ አፌን ዘጋሁ።

ግቢው ውስጥ ወርጄ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ምናልባት ጥጡ ላይሆን ይችላል አልኩ። ምናልባት ከሆስፒታሉ ራሱ ይዞት የሄደ ነገር ይሆናል አልኩ። ናሙናው ሲመጣ መታወቁ አይቀርም፣ ያን ጊዜ እኔ ብናገር ባልናገር ምን ለውጥ አለው አልኩ። ይህን ሁሉ እያልኩ ሰዓቱ ይሄዳል፣ እሱ ፎቅ ላይ ደም ያስላል። ከጎኔ አንዲት የማላውቃት ሴት የምሳ ዕቃዋን ከፍታ ትበላ ነበር። ማን ታሞብሽ ነው አለችኝ። ወንድሜ አልኳት። ትክ ብላ አየችኝና፣ ኩላሊት ሰጠች የሚሏት እህት አንቺ ነሽ እንዴ፣ ሲያወሩ ሰምቻለሁ፣ እንዳንቺ ያለውን ያብዛልን ብላ እጄን ስባ ሳመችው። የሳመችው ጥቁሩን ጥጥ የለቀመውን እጄን ነው። ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም።

ስነሣ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። ሐኪሟን ቢሮዋ አገኘኋት፤ ሚስቱም እዚያው ነበረች። ሁለቱም እየሰሙ ተናገርኩ፤ ጆንያውን፣ የሚያፈሰውን ጣሪያ፣ የጠቆረውን ጥግ፣ መኝታ ቤቱን ዘጋግቼ መሙላቴን። ሐኪሟ አልተቆጣችም። እርጥበት ነበረው ወይ፣ ስንት ሰዓት አብሮ ቆየ፣ ማስክ አድርጎ ነበር ወይ ብላ ብቻ ጠየቀችኝና ስልክ አነሣች። ሻጋታ ይሆናል ብላ ጠርጥራ ነበር፤ ቃሌ ጥርጣሬዋን አጸናላት። የሻጋታው መድኃኒት መልስ ሳይጠበቅ በዚያው ሰዓት እንዲጀመር አዘዘች። እኔ ያን ሁሉ ዓመት ስተነፍሰው የኖርኩት ነገር እሱን እንዴት በአንድ ቀን ጣለው ብዬ ጠየቅኋት። የእርስዎ ዘበኛ አልተኛማ አለችኝ። ሐኪሟ ስትወጣ ሚስቱ ቀስ ብላ ተናገረችኝ።

"እትዬ፣ ጥጡን አላወቁም፤ እሺ። ጠዋት ግን ያውቁ ነበር።"

ብትጮህብኝ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን ደብተሯን አውጥታ መድኃኒቱ የተጀመረበትን ሰዓት ጻፈች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ወደ ባሏ ገባች። ከመግባቷ በፊት ዞራ አንድ ነገር ለመነችኝ፤ አሁን አቅም የለውም፣ ለእሱ አይንገሩት አለችኝ። እሺ አልኳት። ቀለለኝም፤ ይቅር ይበለኝ።

ሐኪሟ ከጥጡ ትንሽ በተዘጋ ከረጢት እንዳመጣላት ስለጠየቀችኝ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ፍራሹ አልጋው ላይ ተነጥፎ፣ መሐሉ ላይ የወንድሜ ሰውነት ልክ ተቀርጾበት ቆየኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ስፌቱን በምላጭ ቀደድኩት፤ ከውስጡ ጭብጥ ጥጥ አውጥቼ አሸተትኩት፣ ምንም አይሸትም። ነጭ ነው። ለስላሳ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ይገድላል ብለሽ መሐላ ፈጽሚ ብባል አልምልም ነበር። የሚያስፈልገውን ይዤ የቀረውን በላስቲክ ጠቅልዬ ለአናጢው ሰጠሁት፤ እሱም ከከተማ ውጭ ወስዶ አቃጠለው። እናቴን ዳግም የቀበርኳት ያህል አመመኝ።

ከአራት ቀን በኋላ ናሙናው ሻጋታ መሆኑን አረጋገጠ። መድኃኒቱ ግን ብቻውን አልቻለም። ክብ ክብ ነገሮቹ ሰፉ፣ ለወንድሜ ኦክስጅን ተደረገለት። ሐኪሟ እንደገና ሰበሰበችን፤ በዚህ ጊዜ አልጋው አጠገብ፣ እሱም እየሰማ። የተኛውን ዘበኛ መቀስቀስ አለብን አለች። ኩላሊቷን የሚጠብቁትን መድኃኒቶች ከሞላ ጎደል እናቆማለን፤ ሰውነቱ ሻጋታውን ይዋጋል፣ ኩላሊቷን ግን ሊጥላት ይችላል፣ መጣሉም አይቀርም። ያን ጊዜ ተመልሶ ማሽን ነው። ካላቆምን ደግሞ ሳንባው ሳምንት አይቆይልንም አለች።

ወንድሜ የኦክስጅኑን ጭምብል ከፍ አደረገ።

"ይህቺ የእህቴ ናት። አደራ ናት። በእጄ አልገድላትም።"

ሐኪሟ ለመነችው። ሚስቱ አልጋው ሥር ተንበርክካ ለመነችው። ያቺ በሥርዓት የምትናገር ሴት እንባና ንፍጧን ሳትጠርግ፣ ለእኔ አታስብም ወይ እያለች አለቀሰች። የአውቶቡስ መናኸሪያ ኃላፊው መጥቶ በመስታወቱ በኩል በእጁ ምልክት እያሳየ ለመነው። ወንድሜ ለሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። እጁን ከሆዱ ሥር በስተቀኝ፣ ኩላሊቷ የገባችበት ላይ አድርጎ፣ ሰው ሊነጥቀው የመጣ ይመስል ይዟታል። እንደዚህ አንድ ቀን ሙሉ ባከነ። የተሰጠህን ጠብቅ፣ የሰው ነገር አታጥፋ እያልኩ ያሳደግኩት እኔው ነኝ፤ አሁን ማንን ልውቀስ።

በማግስቱ ጠዋት ሚስቱ ኮሪደር ላይ ያዘችኝ። ዓይኗ አብጧል። ከዚህ አደራ የሚያወጣው ሌላ ነገር የለም፣ ይንገሩት እትዬ አለችኝ። እኔም ያንኑ ሳሰላስል ነበር ያደርኩት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። የቆጡን አውርጄ ብብቴ ውስጥ ያሳደግኩትን ልጥል የደረስኩ ሴት፣ ለስሜ የምሳሳበት ምን ቀረኝ?

ጋውን አለበሱኝ፣ ማስክና ጓንት ሰጡኝ፣ ብቻችንን ተዉን። አጠገቡ ተቀምጬ መግቢያ ሳልፈልግለት ሁሉንም ነገርኩት። የጠቆረውን ጥግ ነገርኩት። ከአራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አውቄ ዝም ማለቴንም ነገርኩት፤ ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነው። ከዚያ የመጣሁበትን አልኩት።

"እንግዲህ ዕዳ የለብህም። በአንድ እጄ ሰጠሁህ፣ በሌላው አበላሸሁብህ። አደራ ብሎ ነገር የለም። ልቀቃት።"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጠልቶኝ ሊሞት ነው አልኩ በልቤ፤ ይጥላኝ፣ ግን አይሙት። እሱ ሳይዞር ተናገረ።

"ፍራሹ ላይ በተኛሁ በመጀመሪያው ቀን ነው ሳል የጀመረኝ።"

ምን አልክ አልኩት።

"በማግስቱም ሳልኩ። ለሚስቴ ሻይ ትን ብሎኝ ነው አልኳት። ስፖንጁን መልሱልኝ ማለት እችል ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?"

"ደስ ብሎሽ ነበራ።"

እንባዬ ማስኩ ውስጥ ገባ። ተናደድኩም፤ ልጅ እያለ እንደማደርገው ጆሮውን ይዤ ልጠመዝዘው ሁሉ ፈለግሁ። እህቱን ደስ ለማሰኘት ብሎ ሳሉን የሚውጥ ሞኝ። እኔ ለስሜ ፈርቼ፣ እሱ ለደስታዬ ፈርቶ፣ ሻጋታውን ሁለታችን ተጋግዘን አሳደግነው አልኩት። ሊስቅ ሞከረና ሳሉ ያዘው። አፉ ላይ የመጣውን ደም ጠረግሁለት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ባለቤቷ አንቺ ነሽ፣ ስለዚህ ዓይኔን እያየሽ በደንብ በይኝ፣ ትሙት በይኝ አለ። ቅድም ልቀቃት ያልኩት በእልህ ነበር። አሁን ቁርጡን ሲጠይቀኝ ቃሉ አልወጣ አለኝ። ለካ ሰጠኋት እያልኩ አልሰጠኋትም ነበር። በየቀኑ ስልክ ደውዬ ደህና አደራችሁ ወይ ስል የምጠይቀው ስለ እሱ ብቻ አልነበረም፤ እሱ ውስጥ ስላስቀመጥኳት ስለ እኔ ነገርም ነበር። እሱም ይህን ሳያውቀው አልቀረም። እጁን ከሆዱ ላይ አነሣሁና በሁለት እጄ ያዝኩት።

"ትሙት" አልኩት። "አንተ ብቻ ትረፍልኝ።"

ሐኪሟን ጥሪያት አለኝ። ከሰዓት በኋላ ፈረመ።

መድኃኒቶቹ በቆሙ በስድስተኛው ቀን ትኩሳቱ ወረደ። በአሥረኛው ቀን ኦክስጅኑን አነሡለት። በዚያው ሰሞን ሽንቱ መቀነስ ጀመረ፤ እግሩ አበጠ፣ ፊቱም አበጠ። ሚስቱ በደብተሯ በአንድ በኩል የሚሻለውን፣ በሌላ በኩል የሚብሰውን ትጽፋለች፤ እኔ ስጠጋ ትከድነዋለች። በእሷና በእኔ መካከል ያለው ነገር እንዳለ ነው። ሻይ ስትገዛ ግን ለእኔም ትገዛለች፣ ስኳሩን ሁለት እንደምወድ አትረሳም።

በሃያ አንደኛው ቀን ሐኪሟ መጣች። ሦስታችንም ክፍሉ ውስጥ ነበርን። በዚያች ትንሽ ድምፅዋ ሳንባው ከአደጋ ወጥቷል አለች፤ መድኃኒቱን ገና ለወራት ይወስዳል፣ ግን ወጥቷል። ኩላሊቷ አብቅቶላታል፤ ነገ እጥበት ይጀምራል። የጠበቅነው ነገር ነው። የመረጥነው ነገር ነው። በገዛ አፌ ትሙት ያልኩት እኔ ነኝ። ሆኖም ጎኔ ላይ፣ ጠባሳዬ ሥር፣ የሆነ ነገር ስንጥቅ አለብኝ። ወንድሜ ተርፏል፤ እሰይ ማለት ሲገባኝ ወንበሩ ላይ ኩርምት ብዬ ቀረሁ። አፈርኩም። በሕይወት የተረፈ ወንድም ፊት ለጭብጥ ሥጋ ይለቀሳል?

ወንድሜ አየኝ። ክንዱ ላይ መርፌ እንደተሰካ ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ያበጡ እግሮቹን ከአልጋው አወረደ። ፊቱ ላይ ያ የቆየ ተንኮሉ ነበር፣ ዓይኑ ግን ሞልቷል። ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው አንገቱን ደፋ አድርጎ ትከሻዬን ያዘኝ።

"እግዜር ያጽናሽ" አለኝ።

ሳቄ አመለጠኝ። ሚስቱም ከስንት ቀን በኋላ ሳቀች። ከዚያ ሦስታችንም ተቃቅፈን አለቀስንላት፤ ሐኪሟ በሩን ዘግታልን ወጣች።